ሽለላ በሳክስፎን፦ ጌታቸው መኩሪያ፣ የአዲስ አበባ መድረኮችና የኔዘርላንዱ የፐንክ ባንድ

ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ከጦረኛ አንደበት ወደ ሳክስፎን ያሻገሩ ኢትዮጵያዊ ሙዚቀኛ ናቸው። ከስድሳ ዓመት በላይ በዘለቀው የሙዚቃ ሕይወታቸው ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ተነሥተው፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ አልፈው፣ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረብ ዘ ኤክስ ከተባለ የኔዘርላንድ የፐንክ ባንድ ጋር ተገናኙ። ከባንዱም ጋር ሁለት አልበም ሠሩ፤ የአውሮፓንና የአሜሪካን መድረኮች ረገጡ። በእሳቸው መንገድ ላይ የአዲስ አበባ ዘመናዊ ሙዚቃ እንዴት እንደ ተወለደ፣ እንዴት እንደ ተዘነጋ፣ በማን እጅም ዳግም እንደ ተገኘ ይነበባል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የነሐስ ባንድ በኢትዮጵያ

የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከአድዋ ድል ማግስት ነው። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ኒኮላስ ሁለተኛ ለአፄ ምኒልክ ካበረከቷቸው ስጦታዎች መካከል የነሐስ መሣሪያዎች ነበሩ፤ የሚያስተምር ባለሙያም አብሮ መጣ። በዚህ የተጀመረው የሰልፍ ሙዚቃ በቤተ መንግሥት ዙሪያ ለዓመታት ቆየ። ትልቁ እርምጃ የመጣው በ1924 ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን አውሮፓን ሊጎበኙ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ላይ የአርመን ወላጅ አልባ ወጣቶች የሚጫወቱትን ባንድ ሰሙ። ወደዱትና አርባ ወጣቶችን ከአስተማሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። ወጣቶቹ በታሪክ «አርባ ልጆች» ተብለው ይታወቃሉ። ለንጉሠ ነገሥቱ መዝሙር ዜማ የደረሱትም ኬቮርክ ናልባንዲያን ናቸው።

የጣሊያን ወረራ ይህን ጅምር አቋረጠው። ከ1941 ነጻነት በኋላ ግን ሙዚቃ በመንግሥት ተቋማት ጥላ ሥር በፍጥነት አደገ። ክቡር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊት፣ ፖሊስ፣ ማዘጋጃ ቤት እያንዳንዳቸው ባንድ አቋቋሙ። በ1935 የተመሠረተው የአገር ፍቅር ማኅበርም የቴአትርና የዘፈን መድረክ ሆኖ ቀጠለ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ብዙ ወጣቶችን ኖታ አስተማሩ፤ የአገርኛ ዜማዎችንም ለትልቅ ባንድ እንዲስማሙ አድርገው አቀነባበሩ። ሙዚቀኛው የመንግሥት ደመወዝተኛ ነበር፤ መሣሪያውም የደንብ ልብሱም የተቋሙ ንብረት ነበሩ። ለራሱ ገበያ የሚያድር ነጻ ባንድ በዚያን ጊዜ አልነበረም።

ጌታቸው መኩሪያ የተወለዱት በ1935 በሸዋ ይፋት ነው። በልጅነታቸው ክራርና ማሲንቆ ተጫውተዋል። በአሥራ ሦስትና በአሥራ አራት ዓመታቸው መካከል፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ የማዘጋጃ ቤቱን ባንድ ተቀላቀሉ። ክላርኔትና ሳክስፎን የያዙት ከዚያ ወዲህ ነው። በ1955 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ የንጉሠ ነገሥቱን የዘውድ በዓል ሃያ አምስተኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ ሲከፈት ወደዚያ ተዛወሩ። በ1965 ደግሞ የፖሊስ ኦርኬስትራ አባል ሆኑ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የአውሮፓን የዳንስ ሙዚቃ፣ የሰልፍ ማርሽና የዘፋኞችን ማጀቢያ በኖታ ተጫውተዋል። ስማቸውን ያስጠራው ግን በኖታ ያልተጻፈው ነገር ነው።

ሽለላ ምንድን ነው?

ሽለላ ከፉከራና ከቀረርቶ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ጦረኛ ወደ ዘመቻ ሲነሣ፣ ከድል ሲመለስ፣ በግብር አዳራሽ በጌታው ፊት ሲቆም፣ አልፎ ተርፎም በጀግና ለቅሶ ላይ ይሸልላል። የአባቱንና የአያቱን ስም ይጠራል፤ የጣለውን ይቆጥራል፤ ጦሩን ወይም ጠመንጃውን እየሰበቀ ወዲያና ወዲህ ይንጎራደዳል። ዜማው በተቆጠረ ምት አይታሰርም። ድምፁ ከፍ ካለ ቦታ ተነሥቶ እየተንቀጠቀጠ ይወርዳል፤ ትንፋሽ ሲያልቅ ይቆማል፤ ድንገት ይቆረጣል። የሽለላው ኃይል ያለው በዚህ መንቀጥቀጥና በዚህ መቆራረጥ ውስጥ ነው። ሰሚው ቃሉን ባይለይ እንኳ ቁጣውና ኩራቱ ይገባዋል።

ጌታቸው መኩሪያ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ይህን ድምፅ በሳክስፎን ማውጣት ጀመሩ። የመሣሪያውን ትንፋሽ አሰፉት፤ ድምፁን አንቀጠቀጡት፤ ቃል የሌለውን መሣሪያ የሚፎክር አንደበት አደረጉት። ባንዱ ከኋላ ምቱን ይዞ ሲቆም ሳክስፎኑ ከምቱ በላይ እየተንሳፈፈ ይሸልላል። ሥራውን ከልባቸው ስለያዙት አንዳንዴ መድረክ ላይ የሚወጡት እንደ ጦረኛ ለምድ ለብሰው፣ ከአንበሳ ጎፈር የተሠራ ጌጥ ራሳቸው ላይ ደፍተው ነበር።

በኋላ የውጭ ሙዚቃ ተንታኞች ይህን ድምፅ ሲሰሙ ኦርኔት ኮልማንና አልበርት አይለር የተባሉትን የአሜሪካ ጃዝ ተጫዋቾች አስታወሱ። ሁለቱ ሰዎች በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ ጃዝን ከተወሰነ ምትና ከተወሰነ ስምምነት ነጻ በማውጣት የታወቁ ናቸው። ጌታቸው ግን መንገዱን የጀመሩት ከእነርሱ ቀደም ብለው ነው። ምንጫቸውም የይፋት ሽለላ እንጂ የኒውዮርክ ጃዝ አልነበረም። ሁለት የማይተዋወቁ መንገዶች ወደ ተቀራራቢ ድምፅ ደርሰዋል፤ በዘመን ግን የአዲስ አበባው ይቀድማል።

የሸክላ ዘመን

ይህ ሁሉ ለረጅም ጊዜ በመድረክና በሬዲዮ ብቻ የሚሰማ ነበር። በ1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ስለነበር የግል አሳታሚ አልነበረም። ድንጋጌውን የደፈሩት ወጣቱ ነጋዴ አመሐ እሸቴ ናቸው። በ1969 አመሐ ሪከርድስን መሥርተው የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በሸክላ አወጡ፤ ያሰጋቸው ቅጣት ግን አልመጣም። እስከ 1975 ድረስ 103 ነጠላ ሸክላዎችና 12 ትልልቅ ሸክላዎች አሳተሙ። ፊሊፕስ ኩባንያና ካይፋ ሪከርድስም ተከተሉ። ከ1969 እስከ 1978 በኢትዮጵያ የወጡት ሸክላዎች 500 ገደማ ነጠላና 30 ገደማ ትልልቅ እንደ ነበሩ ይገመታል። የአገሪቱ ዘመናዊ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን የሚባለው ከሞላ ጎደል በእነዚህ ሸክላዎች ውስጥ ይገኛል።

በእነዚሁ ዓመታት ከመንግሥት ተቋማት ውጭ የሆኑ ባንዶች ብቅ አሉ። ሶል ኤኮስ፣ ኦል ስታር፣ ቬነስ፣ አይቤክስ፣ ዋሊያስ፣ ዳህላክ በሆቴሎችና በሌሊት ክበቦች ይጫወቱ ነበር። ውቤ በረሃ የሌሊት ሕይወት ሰፈር ሆኖ ስሙ ገነነ። ሙላቱ አስታጥቄ በውጭ አገር ተምረው ተመልሰው የኢትዮጵያን ቅኝቶች ከጃዝና ከላቲን ሙዚቃ ጋር አዋሐዱ። በ1973 አሜሪካዊው የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ ሲመጡም ከእሳቸው ጋር ሠርተዋል። ጌታቸው መኩሪያም በፖሊስ ኦርኬስትራ እያሉ በፊሊፕስ በኩል በራሳቸው ስም ትልቅ ሸክላ አወጡ። ሸክላው ያለ ዘፋኝ፣ በሳክስፎን ብቻ የሚመራ ነበር። የአገሬው አድማጭ ዘፈንን ከግጥሙ ለይቶ በማያይበት ገበያ ይህ ትልቅ ድፍረት ነበር።

ሰዓት እላፊና ካሴት

የ1974 አብዮት ይህን ዓለም አናጋው። አመሐ እሸቴ አገር ለቀው ወጡ። የሸክላ ኅትመት በ1970ዎቹ መጨረሻ ቆመ፤ ካሴትም ቦታውን ያዘ። የሰዓት እላፊ አዋጅ የሌሊት ክበቦችን በአንድ ምሽት ባይዘጋም የአሠራራቸውን ሥርዓት ለወጠው። ሰዓት እላፊው ከመግባቱ በፊት ሆቴል የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል ባንዱም አብሮት ያድር ነበር። በሂልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው ዋሊያስ ባንድ ከምሽት እስከ ንጋት መድረክ ላይ የሚቆይባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ባንዶቹ የሚጫወቱበትን ብዙ ሰዓት ለመሙላት ያለ ዘፋኝ የሚሄዱ ረጃጅም ሥራዎችን ያበዙ ነበር። በ1977 ዋሊያስ ያወጣው «ቸ በለው» የተሰኘ ሸክላና የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» የዚያ ዘመን ፍሬ ናቸው።

አንዳንዶቹ ባንዶች ከመድረኩ ተበተኑ። በ1981 ዋሊያስ አሜሪካ ሲሄድ ከአባላቱ የተወሰኑት እዚያው ቀሩ። ከእነርሱ አንዱ የኪቦርድና የአኮርዲዮን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ነበሩ። በ1985 በአኮርዲዮንና በኪቦርድ ብቻቸውን ያዘጋጁትን ካሴት አወጡ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ እየነዱ ኖሩ። አገር ቤት የቀሩት ሙዚቀኞች ደግሞ በመንግሥት ቴአትር ቤቶችና ኦርኬስትራዎች ሥራቸውን ቀጠሉ። ሙዚቃው አልሞተም። ሆኖም የወጡት ሸክላዎች እያለቁ ሄዱ፤ ዋና ቅጂዎቻቸውን የሚያከማች ተቋም አልነበረም። አዲሱ ትውልድ የአባቶቹን ባንዶች ስም እንጂ ድምፃቸውን በቀላሉ የማያገኝበት ጊዜ መጣ።

ዳግም መገኘት

ወደ ኋላ የተመለሰው ጉዞ በአንድ ሸክላ ተጀመረ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባሉ ፈረንሳዊ የሙዚቃ መድረክ አዘጋጅ በ1980ዎቹ አጋማሽ የማሕሙድ አሕመድን «እሬ መላ መላ» ሰሙ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሙዚቃ ሰምተው ስለማያውቁ ምንጩን ፍለጋ አዲስ አበባ መጡ። ሸክላው በ1986 በቤልጂየም ዳግም ታተመ። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ የሲዲ ኅትመት በፓሪስ ጀመሩ። የአመሐ እሸቴንና የሌሎች አሳታሚዎችን ሥራዎች በየተራ እያወጡ ለዓለም አድማጭ አቀረቡ። አራተኛው ቁጥር የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎችን ይዟል፤ ጂም ጃርሙሽ በ2005 ለሠሩት «ብሮክን ፍላወርስ» ለተባለው ፊልም የተጠቀሙበት ሙዚቃ የሙላቱ ነው። በ2003 የወጣው አሥራ አራተኛው ቁጥር ደግሞ ለጌታቸው መኩሪያ ተሰጠ። «ነጉስ ኦፍ ኢትዮፒያን ሳክስ» በተባለው በዚህ ሲዲ የፊሊፕሱ ሸክላ ከሠላሳ ዓመት በኋላ አዲስ አድማጭ አገኘ።

ተመሳሳይ ነገር በኃይሉ መርጊያ ላይም ደረሰ። ብራያን ሺምኮቪትስ የተባሉ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ የ1985ቱን ካሴት አገኙ። ባለቤቱን አፈላልገው አገኟቸውና በ2013 ካሴቱን ዳግም አሳተሙ። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጡ። ሁለቱም ታሪኮች የሚያሳዩት አንድ ነገር ነው፦ ሙዚቃው በገበያ መደርደሪያ፣ በቤት ሣጥን፣ በሰው እጅ ውስጥ ነበር፤ የጎደለው የሚፈልገው ነበር።

የፐንክ ባንዱ

ፐንክ በ1970ዎቹ አጋማሽ በኒውዮርክና በለንደን የተነሣ የሮክ ዓይነት ነው። ጊታሩ ጮኸ፣ ዘፈኑ አጠረ፣ መድረኩ ጠበበ። ትልቅ ኩባንያ ሳይጠበቅ፣ ረጅም የሙዚቃ ትምህርት ሳያስፈልግ፣ ሦስትና አራት ወጣቶች በመጠጥ ቤት ጥግ ላይ ቆመው የሚጫወቱት ሙዚቃ ሆነ። ታሪኩ የተሠራው በትንንሽ ክፍሎች ነው። ሴክስ ፒስተልስ የተባለው የለንደን ባንድ ሰኔ 4 ቀን 1976 በማንቸስተር ሲጫወት የተገኘው ሰው በጥቂት ደርዘን ብቻ የሚቆጠር ነበር። ሆኖም ከዚያ አዳራሽ ወጥተው ባንድ የመሠረቱ ወጣቶች የእንግሊዝን ሙዚቃ ለውጠዋል። ያኔ በቂ መዝገብ ስላልተያዘ ማን በቦታው እንደ ነበረ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የትንሽ መድረክ ዕጣ በየትም አገር እንዲህ ነው፤ ዋጋው የሚታወቀው ካለፈ በኋላ ነው።

ዘ ኤክስ የተመሠረተው በ1979 በኔዘርላንድ ነው። አባላቱ ከባዶ ቤት ሰፋሪዎች እንቅስቃሴ የወጡ ነበሩ፤ ሥራቸውን ራሳቸው ያሳትማሉ፣ መድረካቸውን ራሳቸው ያዘጋጃሉ። ከጊዜ በኋላ ሙዚቃቸው ከተለመደው ፐንክ ወጣ። የጃዝ ተጫዋቾችን፣ የባሕላዊ ዜማ አዋቂዎችን፣ ያለ ኖታ በቅጽበት የሚፈጥሩ ሙዚቀኞችን ይጋብዙ ጀመር። ጊታር ተጫዋቹ ቴሪ ሄስልስ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የአገሪቱን ሙዚቃ ወደዱ። በ2002 ባንዱ በሙሉ ኢትዮጵያ መጥቶ በተለያዩ ቦታዎች ተጫወተ። የፐንክ ስም ሰምቶ በማያውቅ ሕዝብ ፊት የጊታርና የድራም ጩኸት ቀረበ። ባንዱ በ2004 ባወጣው «ተርን» በተባለው አልበም ውስጥ አንዱ ሥራ «ጌታቸው» የሚል ስም ተሰጥቶታል።

በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ዘ ኤክስ ሃያ አምስተኛ ዓመቱን ሲያከብር ጌታቸው መኩሪያን ጋበዘ። በበዓሉ ላይ ሚሻ ሜንግልበርግና ሐን ቤኒንክ ከመሥራቾቹ መካከል የሆኑበት፣ በ1967 የተመሠረተው አይ ሲ ፒ ኦርኬስትራም ነበር። ይህ ኦርኬስትራ ኖታ እየያዘ ኖታን የሚያፈርስ የጃዝ ቡድን ነው። ጌታቸው የሰሙት ነገር ደስ አሰኛቸው። ከበዓሉ በኋላ ጥያቄውን ያቀረቡት ራሳቸው ናቸው፤ ቀጣዩን አልበማቸውን ዘ ኤክስ እንዲያጅባቸው ፈለጉ። ሰባኛ ዓመታቸውን ሊይዙ የተቃረቡት ሽማግሌ ሙዚቀኛ አጃቢያቸውን ከፐንክ መድረክ መረጡ።

ሞአ አንበሳ

«ሞአ አንበሳ» በ2006 ቴርፕ በተባለው የቴሪ ሄስልስ አሳታሚ በኩል ወጣ። ከዘ ኤክስ አባላት ጋር ሳክስፎን፣ ክላርኔትና ትሮምቦን የሚጫወቱ እንግዶች ተጨምረውበታል። በአልበሙ ውስጥ ሽለላ፣ ትዝታና «ሙዚቃዊ ስልት» ይገኛሉ። የጌታቸው ሳክስፎን እንደ ጥንቱ ይሸልላል፤ ጊታሮቹ ግን እንደ አዲስ አበባ ሆቴል ባንድ ለስላሳ ማጀቢያ አይሰጡም። ይጮኻሉ፣ ይፋጫሉ፣ አንዱን ሐረግ ያለ እረፍት ይደጋግማሉ።

ውሕደቱ የሠራበት ምክንያት ከሙዚቃው አሠራር ይመጣል። የኢትዮጵያ ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ በአምስት ድምፅ የተዋቀሩ ናቸው፤ በምዕራባውያን ሙዚቃ እንደሚደረገው በየመስመሩ የሚቀያየር የድምፅ ስምምነት አይሹም። ዜማው የሚቆመው በአንድ መሠረት ላይ ነው። የዘ ኤክስም ጊታር አንድ ሐረግ ይዞ በዚያው ላይ ኃይልን መከመር የለመደ ነበር። ስለዚህ አንዱ የሌላውን ቦታ አልወሰደም። ጊታሩና ድራሙ መሬት ሆኑ፤ ሳክስፎኑ ጦረኛ ሆኖ በላዩ ተንጎራደደ። ሁለተኛው ምክንያት ጠባይ ነው። ሽለላና ፐንክ ሁለቱም አድማጭን ለማስተኛት አልተፈጠሩም። ሁለቱም ድምፅን ከውበት ይልቅ ለእውነትና ለድፍረት ያውላሉ፤ ቆሞ የሚናገር ሰው ያስፈልጋቸዋል።

ጌታቸውና ዘ ኤክስ ለዓመታት አብረው ዞሩ። ዳንሰኛው መላኩ በላይም በእስክስታቸው አብረዋቸው መድረክ ላይ ወጥተዋል። በነሐሴ 2008 በኒውዮርክ ሊንከን ሴንተር በተካሄደው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ምሽት ከማሕሙድ አሕመድና ከዓለማየሁ እሸቴ ጋር በአንድ መድረክ ቀረቡ። በ2012 «ያንበሳው ትዝታ» የተባለውን ሁለተኛ አልበም አወጡ። ጌታቸው መኩሪያ ሚያዝያ 4 ቀን 2016 በሰማንያ አንድ ዓመታቸው አረፉ። ከማዘጋጃ ቤት ባንድ እስከ መጨረሻው አልበም ያለው ዘመን ስድሳ ዓመት አልፏል።

የትንንሽ ቤቶች ዕጣ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሰዎቹ ስም አላቸው፤ ቤቶቹ ግን እየጠፉ ነው። የአዲስ አበባ ሙዚቃ ያደገው በቴአትር ቤቶች ብቻ አይደለም። በየሰፈሩ፣ ከአራዳ እስከ መርካቶ፣ ከኮልፌ እስከ ዘነበወርቅ፣ ጠጅና ጠላ በሚሸጥበት ቤት አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ገብቷል። እንግዳውን በስሙ እያወደሰ፣ ከጎኑ የተቀመጠውን እየነካካ፣ ግጥም እየተቀበለ ሌሊቱን አሳልፏል። ከ1991 በኋላ የሰዓት እላፊው ሲያበቃ አዝማሪ ቤቶች በአዲስ ኃይል በዙ፤ ካዛንቺስ ከዋና ሠፈሮቻቸው አንዱ ሆነ። ሽለላና ቀረርቶ በከተማ ሕያው ሆነው የቆዩት በእነዚህ ቤቶች ነው።

ፈንድቃ ከእነርሱ በጣም የታወቀው ነበር። መላኩ በላይ በልጅነታቸው መጠለያ አጥተው በዚሁ አዝማሪ ቤት ያደሩ ናቸው። በኋላ ቤቱን ተረከቡትና የባሕል ማዕከል አደረጉት። አዝማሪውና ጃዝ ተጫዋቹ፣ ሠዓሊውና ገጣሚው፣ የአገሩ ልጅና የውጭ እንግዳ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገናኙበት ቤት ሆነ። ዘ ኤክስና ሌሎች አውሮፓውያን ሙዚቀኞችም ከፈንድቃ ሰዎች ጋር ሠርተዋል። በ2024 ካዛንቺስ መልሶ ሲለማ የፈንድቃ ቤት ፈረሰ። ከዚያ ቀደም ብሎ በጥር 2015 በጣይቱ ሆቴል የደረሰው ቃጠሎ ጃዝአምባ የተባለውን የሙዚቃ ቤት አጥፍቷል። ውቤ በረሃም ዛሬ በስም እንጂ በቤት አይገኝም።

ከተማ መለወጡ አይቀርም፤ አዲስ አበባም ገና ከመቆርቆሯ ጀምሮ እየፈረሰች የምትሠራ ከተማ ናት። ቤት ሲፈርስ ግን በውስጡ የተሰማው ሙዚቃ መዝገብ ከሌለው አብሮ ይፈርሳል። የጌታቸው መኩሪያ ሽለላ የተረፈው ሸክላ ላይ ስለ ተቀረጸ ነው። በማዘጋጃ ቤቱ ባንድ ዘመን፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ የመጀመሪያው የሳክስፎን ሽለላ በየትኛው ምሽት እንደ ተሰማ፣ ማን ሰምቶ እንዳጨበጨበ የሚነግር ቅጂ የለም። የኃይሉ መርጊያ ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ ባይገኝ ኖሮ እሱም በዚያው መቅረቱ ነበር።

ዋና ቅጂዎችንና ሸክላዎችን የመሰብሰቡ ሥራ እስካሁን በአመዛኙ የተሠራው በፓሪስ፣ በአምስተርዳምና በአሜሪካ ባሉ አሳታሚዎች ነው። ለዚህ ሥራቸው ምስጋና ይገባቸዋል። ፋልሴቶ ባይፈልጉ፣ ዘ ኤክስ ባይጋብዝ፣ ጌታቸው መኩሪያን ዛሬ የሚያውቃቸው የዘመናቸው ሰው ብቻ ይሆን ነበር። ነገር ግን የሸክላዎቹ አድራሻ ውጭ አገር ሲሆን የአገሩ ተማሪ የራሱን ሙዚቃ የሚያጠናው ከሌላ ሰው ምርጫ ተነሥቶ ነው። የውጭ ሰብሳቢ የሚመርጠው ጆሮውን ያስደነቀውን ነው፤ ለአገሩ ሰው ዋጋ ያለውን ግን ሁልጊዜ ላይመርጠው ይችላል። ኢትዮፒክስ በ1969 እና በ1978 መካከል ባለው ዘመን ላይ ሲያተኩር ከዚያ በፊት የነበሩት የማዘጋጃ ቤትና የክቡር ዘበኛ ባንዶች ድምፅ ብዙው ገና አልተነካም።

የሚያስፈልገው ሥራ የታወቀ ነው። የብሔራዊ ቴአትር፣ የአገር ፍቅር ቴአትር፣ የፖሊስና የመከላከያ ሙዚቃ ክፍሎች፣ የብሔራዊ ሬዲዮ ክምችቶች መቆጠርና በዲጂታል መቀመጥ አለባቸው። በሕይወት ያሉ የባንድ አባላት ምስክርነታቸው በድምፅ ሊቀረጽ ይገባል። በየሰፈሩ የነበሩ የሌሊት ክበቦች፣ አዝማሪ ቤቶችና ጠጅ ቤቶች የት እንደ ነበሩ፣ ማን እንደ ተጫወተባቸው፣ ቤቶቹ ከመፍረሳቸው በፊት ሊመዘገብ ይችላል። ይህ ለአንድ መንግሥታዊ ተቋም ብቻ የሚተው አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ የድሮ ሸክላ፣ ካሴት፣ የመድረክ ፎቶግራፍ ወይም የዝግጅት ማስታወቂያ ያለው ሰው ሁሉ የዚህ ታሪክ ባለ አደራ ነው። ያለውን ይጠብቀው፤ ለሚያጠኑትም ያሳያቸው።